ዘይቱ ከየት ነው የሚመጣው? የአንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ

ሞተሩ ፐርኪንስ 4.236 ነው። አራት ሲሊንደር፣ 3.86 ሊትር፣ ናፍጣ። ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር የጠገነ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ሲያየው ወዲያው ይለየዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ትራክተር ላይ፣ ኮምባይነር ላይ፣ ፎርክሊፍት ላይ ሲገጠም የኖረ ሞተር ነው። ይኼኛው ዕጣው ውሃ ሆነና ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያንሸራሽር የብረት ጀልባ ሆድ ውስጥ ተቀመጠ።

የባለቤቱን ስም አልጽፍም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አሞራ ገደል አካባቢ ጀልባውን አስጠግተው ጠበቁኝ። ሰላምታውን ሳንጨርስ፣ «ልጄ፣ የኋላው ፓራሊዮ ሄዷል ተብሏል። ሞተሩ ካልወጣ አይሠራም አሉኝ» አሉ።

«ማን አየው ጋሼ?»

«ከአንተ በፊት ያመጣሁት ባለሙያ ነዋ። ቮላኖው ስር ዘይት ሲያይ በቃ፣ ይኼ ነው አለ።»

ፓራሊዮ ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው ነው፤ ቮላኖ ደግሞ ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ። ዘይቱስ እውነት አለ። ቮላኖው ቤት ስር ጠብ ጠብ ይላል። ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ረጥቧል። ሞተሩ የሚያርፍባቸው የኋላ ጎማዎች በዘይት አብጠዋል። ከሞተሩ ስር የተጠራቀመው ውሃ ጥቁር ነው። ግን ጀልባ ላይ ዘይት የተገኘበት ቦታና ዘይት የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ ለየቅል ናቸው።

ምክንያቱ አቀማመጡ ነው። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሞተሩም ከዘንጉ ጋር መስመር እንዲይዝ አብሮት ወደ ኋላ ያዘነብላል። በስልኬ ብለካው 11 ዲግሪ አሳየኝ። እንዲህ የተጋደመ ሞተር ላይ ከፊት ይውጣ ከላይ፣ ከጎን ይውጣ ከመሀል፣ ዘይቱ በብረቱ እየተንሸራተተ ሄዶ የሚንጠባጠበው ከኋላው ጫፍ ነው። ስለዚህ የኋላው ፓራሊዮ ባልሠራው ጥፋት ይወነጀላል። ካምቢዮና ቮላኖ ወርዶ፣ ገንዘብ ወጥቶ፣ ተመልሶ ሲገጠም ዘይቱ እንደነበረ ይቀጥላል። ካምቢዮውን ከማውረዴ በፊት ከላይ እስከ ታች መፈተሽ የምፈልገው ለዚህ ነው።

የጋሼ ጭንቀት ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዓሣ አጥማጆቹ «ውሃው ላይ ቀለም እየለቀቃችሁብን ነው» ብለው ተቆጥተዋል። እውነታቸውን ነው። ሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ቆሮሶውም አምባዛውም የሚወጣው ከዚያው ነው።

መጀመሪያ የነካሁትም እሱን ነው። ጀልባው ሆድ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም በራሱ ተነስቶ ወደ ሐይቁ የሚተፋ ፓምፕ አለ። ውሃ ይሁን ዘይት አይለይም። ገመዱን ነቀልኩት። እንዲህ ማድረግ የሚቻለው ጀልባውን የሚያይ ሰው ካለ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ዘይት ተከላክላችሁ ጀልባ ታሰምጣላችሁ። የሌሊት ጥበቃው እያየ በባልዲ እንዲቀዳና ጀሪካን ውስጥ እንዲያጠራቅም ተስማማን።

መቼ ይድረስልዎት አልኳቸው። «ለፍቼ ጫምባላላ» አሉ፤ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ። ቀኑ መቼ ነው ስላቸው ሳቁ። ቀኑን አያንቶዎቹ፣ የሲዳማ ዘመን ቆጣሪ ሽማግሌዎች፣ ኮከብ አይተው ነው የሚናገሩት፤ ገና አልተነገረም። የማስረከቢያ ቀኑ ሰማይ ላይ የሆነ ሥራ ተቀብዬ አላውቅም።

እሁድ

ሥራ የለም። ቤት ቁጭ ብዬ ዘይት ሊወጣባቸው የሚችሉትን ቦታዎች ከላይ ወደ ታች ጻፍኳቸው። የባልቦላው ክዳን፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጓርኒሲዮን፤ ጓርኒሲዮን በሁለት ብረት መካከል ገብቶ የሚያሽገው ነው። የናፍጣ ፓምፑ የሚታሰርበት የጎን ክዳን። የዘይት ግፊት የሚለካው ቡልቦ። ፊልትሮውና መቀመጫው። ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው የሚሄዱት ቱቦዎች። የፊት ፓራሊዮ። የኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ገንዳ፣ ጓርኒሲዮን። የኋላው ፓራሊዮ መጨረሻ ላይ ነው። ጥፋተኛ የመሆን ዕድሉ አንሶ አይደለም። እሱን ለመፈተሽ የሚወጣው ልፋትና ገንዘብ ስለሚበልጥ ነው።

ሰኞ

ከማጠቤ በፊት ናሙና ወሰድኩ። ነጭ ሶፍት ሞተሩ ላይ፣ ካምቢዮው ላይ፣ ከታች ያለው ኩሬ ላይ ነካ ነካ አደረግሁ። ካምቢዮው የሚጠቀመው ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ደግሞ በተቀየረ በጥቂት ሰዓት ይጠቁራል። ሶፍቱ ሁሉ ጥቁር ወጣ። ቀይ ከጥቁር ጋር ተደባልቆ ሊደበቅ ስለሚችል የካምቢዮውን ዘይት መጠንም አየሁ። ሙሉ ነው። ካምቢዮው ነፃ ወጣ።

ከዚያ እጥበት። ረዳቴ ላምባና ብሩሽ ይዞ ገባበት። ቤንዚን አይነካም፤ ጠባብና የታፈነ ቦታ ነው፣ ጋዙ ከታች ይተኛና አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። በግፊት የሚረጭ ውሃም አልፈቀድኩም። ዲናሞውንና ሞተሪኖውን በፌስታል ጠቅልለን በእጅ ነው ያጠብነው። የዓመታት ጭቃ ነው የወጣው። ጭቃው ሲነሳ አረንጓዴ ቀለም ታየ። ጋሼ ራሳቸው የሞተሩን ቀለም ረስተውት ነበር።

እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው አለ። «ዘይቱ ከላይ እንደሚመጣ ይታያል እኮ፣ ምን አሳጠበህ?» የሚል። ያደፈ ሞተር ላይ አዲስ ዘይትና የአምና ዘይት አይለይም። የቆሸሸ ሞተር እያየ በሽታ የሚናገር ባለሙያ እየገመተ ነው።

እጣቢው በሙሉ ጀሪካን ገባ። የቆየውን ዘይት ለብቻ አደረግነው። የአጥር እንጨት ለምስጥ የሚቀቡ ሰዎች ይወስዱታል።

ማታ ሞተሩ ደርቆ፣ ስሩ ንጹሕ ካርቶን አነጠፍን። ካርቶኑ ላይ የፊት፣ የመሀልና የኋላ ብዬ በእስክሪብቶ ከፋፈልኩት። ሞተሩ ጠፍቶ ያድራል። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞላሁት።

ማክሰኞ

ካርቶኑ ንጹሕ ነው። አንዲት ነጥብ የለበትም።

ይኼ ትልቅ ዜና ነው። ሞተር ጠፍቶ ሲያድር ዘይቱ ኮፓው ውስጥ ይተኛል። ኮፓው ጓርኒሲዮን ወይም የማፍሰሻው ቡሎን ችግር ቢኖርበት ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥብ ነበር። ስለዚህ የምፈልገው ነገር ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚፈስ ነው። ሲሠራ የሚጨመሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ፖምፓው የሚፈጥረው የዘይት ግፊት ነው፤ ሌላው ከፒስቶን ፋሻዎች፣ ፒስቶኑን ከሚያሽጉት ቀለበቶች፣ ሾልኮ ወደ ታች የሚገባው ጋዝ የሚፈጥረው የሞተር ውስጥ ትንፋሽ ነው።

ዘይት ማቀዝቀዣውን በፍጥነት ነው ያለፍኩት። ከጭስ ማውጫው ጋር የሚወጣውን ውሃ በባልዲ ተቀብዬ አየሁት። ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም የለበትም። የራዲያተሩ ውሃም ንጹሕ ነው። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ወተት የሚመስል ነገር አላየሁም። ማቀዝቀዣው ደህና ነው።

ቀጥሎ ፓውደር። የሕፃን ፓውደር ነው፣ ከሱቅ የተገዛ። የታጠበውና የደረቀው ሞተር ላይ በቀጭኑ ነፋሁበት። ደረቅ ፓውደር ላይ ዘይት ሲሄድ መንገዱን እንደ እስክሪብቶ ያሰምራል። ቺንጊያው አካባቢ አልነፋሁም፤ እዚያ ያለው ንፋስ ይበትነዋል።

ጀልባውን ከፊትና ከኋላ በገመድ አጥብቀን አሰርን። አስነሳሁት። በዝቅተኛ ዙር ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራ። ምንም። ረዳቴ ተስፋ ቆርጦ ቡና ልጠጣ አለኝ። ሂድ አልኩት። ሞተሩ ሲሞቅ ማርሽ አስገብቼ ወደ 1,800 ዙር ወሰድኩት። ገመዱ ተወጠረ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ነገር ታየ።

መጀመሪያ ቡልቦው። ፓውደሩ ላይ ከቡልቦው ስር ቀጭን ጥቁር መስመር ወረደ። ቆየት ብዬ የሽቦውን ሶኬት ነቀልኩት። ውስጡ በዘይት ተሞልቷል። ዘይቱ በቡልቦው ቅር፣ ማለትም በሚጠመዘዝበት ጥርስ፣ እና በሞተሩ መካከል አይደለም የሚወጣው። የቡልቦው የራሱ ሆድ ተቀዶ በፕላስቲኩ በኩል ነው የሚተፋው። ሽቦው ላይ እየሄደም ከሞተሩ ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል። ዙር ስጨምር የሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጭጋግ የመሰለ ዘይት አየሁ። እየረጨ ነው።

ሁለተኛ፣ የባልቦላው ክዳን የኋላ ጥግ። እዚያም መስመር ወርዷል፣ ቀጥታ ወደ ቮላኖው ቤት። የሚገርመው ጓርኒሲዮኑ አዲስ ነው። ጋሼ ባለፈው ዓመት እንዳስቀየሩት ነገሩኝ። ቡሎኖቹም ጠብቀዋል። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ የጠበቀ ቡሎን፣ ግን ዘይት። ይህን በደብተሬ ላይ አሰመርኩበት። ከውስጥ የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው።

በመጨረሻ ቮላኖው ቤት ስር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አየሁ። እሷ በውስጥ በኩል የሚጠራቀመውን ዘይት የምታስወጣ ናት። የኋላው ፓራሊዮ ዘይት የሚመጣው በእሷ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ግን በውጭ በኩል ነው የሚሄደው። የቀዳዳዋን ዙሪያ ጠርጌ ጠበቅሁ። ቆይታ ቆይታ አንዲት ጠብታ ጣለች። ከዚያ ሌላ። በደቂቃ አንድ ይሆናል።

ማክሰኞ ማታ

ቤት ገብቼ ሒሳብ ሠራሁ። ጋሼ በሥራ ቀን ወደ 1 ሊትር ዘይት እንደሚጨምሩ ነግረውኛል። ሞተሩ በቀን 5 ሰዓት ያህል ይሠራል። በሰዓት 200 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት ከ20 እስከ 30 ጠብታ ይወጣዋል። ስለዚህ 1 ሊትሩ በጠብታ ቢሆን ኖሮ በሰከንድ ከአንድ ጠብታ በላይ መውረድ ነበረበት። ከኋላ ቀዳዳ ያየሁት በደቂቃ አንድ ነው። በሰዓት 3 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። በቀን አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም።

የኋላው ፓራሊዮ ያነባል፣ አልካድኩም። ግን 1 ሊትሩን የሚበላው እሱ አይደለም።

ረቡዕ

ሻሸመኔ። የትራክተር ዕቃ ለማግኘት ሀዋሳ ውስጥ ከመዞር መኪና ይዞ ሻሸመኔ መውጣት ይቀለኛል። ዙሪያው ስንዴ አምራች ነው፣ የማሴ ዕቃ የሚሸጥ አይጠፋም። ሞተሩ የጀልባ ቢሆንም አካሉ የትራክተር መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን። የባሕር ዕቃ ብዬ ብጠይቅ ከውጭ አገር ካልታዘዘ የለም ነበር የሚባለው።

ባለሱቁ ሁለት ቡልቦ አወጣልኝ። ዓይን ለዓይን አንድ ናቸው። አንዱ ግን ሚሊ ሜትሩ ነው፣ 10 በ1 ቅር። ሌላው ሾጠጥ ያለው የኢንች ቅር ነው፣ አንድ ስምንተኛ፣ በኢንች 27 ጥርስ። አሮጌው ፐርኪንስ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ችግሩ ሚሊ ሜትሩም ሁለት ዙር ያህል ይገባል። ከዚያ ይጠብቃል። የማያውቅ ሰው «ጥሩ ያዘ» ብሎ በቁልፍ ይጨምርበትና የሞተሩን ቅር ይበላዋል። የሞተር ብረት ላይ ያለ ቅር ሲበላ ደግሞ የጥቂት ብር ዕቃ የብዙ ብር ሥራ ይወልዳል። አሮጌውን ቡልቦ ኪሴ ይዤ ሄጄ ስለነበር ጎን ለጎን አድርጌ ጥርሱን አስተያየሁ። ጥርስ በጥርስ ሲገጥም ገዛሁት።

ባለሱቁ ዘይት መፍሰስ ያቆማል የተባለ ጠርሙስ ጨምሮ ሊሸጥልኝ ሞከረ። አልገዛሁም። የደረቀ ላስቲክ ትንሽ ያብጥልህ ይሆናል። የተቀደደ ቡልቦ አይሰፋም፣ ከውስጥ የሚገፋ ትንፋሽም አያስቆምም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ገጠምኩት። ቴፍሎን አልጠቀለልኩበትም። ቡልቦው በአንዲት ሽቦ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላኛውን መስመር የሚያገኘው ከሞተሩ አካል ጋር በሚነካካው ቅር ነው። ብዙ ቴፍሎን ሲጠቀለልበት ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቆጣሪ ሊዋሽ ይችላል። ፈሳሹን የቅር ማጣበቂያ በትንሹ ቀባሁት።

ከመግጠሜ በፊት በዚያው ቀዳዳ የእጅ ጌጅ አስሬ የዘይቱን ግፊት ለካሁ። ሲሞቅ፣ በከፍተኛ ዙር 48 ፒኤስአይ። ለዚህ ሞተር ከ30 እስከ 60 ጤነኛ ነው። ፖምፓውም ኩሽኔታዎቹም ገና ናቸው ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያ ፈገግታቸውን አየሁ።

ሌላ ምንም አልነካሁም። ክዳኑን ማጥበቅ እጄን አሳክኮኝ ነበር። ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከነካህ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም።

ሐሙስ

ደግሜ ፓውደር፣ ደግሜ 1,800 ዙር። ቡልቦው ደረቅ ነው። የባልቦላው ክዳን ግን እንደ በፊቱ ያለቅሳል። ከኋላ ያለችውም ቀዳዳ በደቂቃ አንዷን አልተወችም።

ዛሬ የሞተሩን ትንፋሽ ለካሁ። መሣሪያው ከፋርማሲ የተገዛ የግሉኮስ ቱቦ ነው። በ«ዩ» ቅርጽ አጥፌ እንጨት ላይ አሰርኩት፣ ግማሹን ውሃ ሞላሁት። አንዱን ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቱቦ ላይ በላስቲክ አሸግኩ። ሌላውን ጫፍ ለአየር ክፍት ተውኩት። ሞተሩ ውስጥ ግፊት ካለ ውሃውን በአንድ በኩል ይገፋዋል፤ የሁለቱ ወገን የከፍታ ልዩነት ግፊቱ ነው። ከዚህ የረከሰና ከዚህ የማይዋሽ መሣሪያ የለኝም።

በዝቅተኛ ዙር 2 ሴንቲ ሜትር። በ1,800 ዙር 14 ሴንቲ ሜትር። ውሃው ከቱቦው ሊወጣ ደርሶ ነበር። ረዳቴ «ሞተሩ አለቀ እንዴ?» አለ። ጋሼ እንዳይሰሙ ዝም አስባልኩት።

እንዲህ ያለ ግፊት ሁለት መነሻ ይኖረዋል። ወይ ፋሻዎቹ አልቀው ብዙ ጋዝ ይለቃሉ፣ ወይ የሚለቁት ልከኛ ሆኖ መውጫው ተዘግቷል። የመጀመሪያው ሞተር ማውረድ ነው። ሁለተኛው ቱቦ መቀየር ነው። ለመለየት ከክዳኑ ተነስቶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን የመተንፈሻ ቱቦ ከክዳኑ ላይ ነቀልኩና ለቀቅሁት። ደግሜ ለካሁ። በ1,800 ዙር 3 ሴንቲ ሜትር።

ከ14 ወደ 3። ከፋሻዎቹ የሚሾልክ ጋዝ አለ፣ የሰው ዕድሜ ላለው ሞተር ግን የሚጠበቅ ነው። በጠዋት ያለ ችግር ይነሳል፣ ሰማያዊ ጭስ የለውም። የታፈነው መውጫው ነው።

ቱቦውን አውጥቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ቱቦው የአትክልት ማጠጫ ነው፤ አረንጓዴው፣ ግቢ ውስጥ የሚጎተተው። ድሮ አንድ ሰው የተቀደደውን አውጥቶ እሱን ገጥሞበታል። ውሃ ለመውሰድ ጥሩ ነው። ትኩስ ዘይት ያለበት አየር ሲያልፍበት ግን ይለሰልሳል። አየር ማስገቢያው ደግሞ ይስበዋል። ፊልትሮው ጀርባ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስታየው ክፍት ይመስላል፤ ሲሞቅ ይዘጋል። በዝቅተኛ ዙር ምንም ያላሳየኝም ለዚህ ነበር።

ክዳኑ ላይ ያለውን የመተንፈሻ ወንፊትም አወጣሁ። የሽቦ ጭድ ነው፣ በጥቁር ሙጫ ተለብጧል። ናፍጣ ውስጥ አሳደርኩት።

ዓርብ

ከከባድ መኪና ዕቃ ሱቅ ዘይት የሚችል፣ ውስጡ በክር የተጠናከረ የጎማ ቱቦ ገዛሁ። ስፋቱ እንደ መጀመሪያው፣ መታጠፊያው ላይ ሰፋ ያለ ቅስት እንዲሠራ ትንሽ ረዘም አድርጌ ቆረጥኩት። ወንፊቱ ታጥቦ ገባ። ቱቦውን የሚያስሩትን ፋሼታዎች አጠበቅሁ። ለካሁ።

በዝቅተኛ ዙር ውሃው ከቦታው አልተነቃነቀም። በ1,800 ዙር ወደ ሌላኛው ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ሄደ። አየር ማስገቢያው በትንሹ እየሳበው ነው፤ እንዲሆን የሚፈለገውም ይኼው ነው። ሞተር ወደ ውስጥ ሲስብ ዘይቱ በየጓርኒሲዮኑ ለመውጣት የሚገፋው የለም።

የባልቦላውን ክዳን አሁን ከፈትኩት። ጓርኒሲዮኑ ጥግ ላይ ወደ ውጭ ተገፍቶ ወጥቷል። አዲስ አስገባሁ፣ ክዳኑ የሚያርፍበትን ፊት ጠርጌ። ሲሊኮን አልጨመርኩም። ንጹሕ ፊት ላይ ያረፈ ጓርኒሲዮን ሲሊኮን አይፈልግም፤ የተረፈው ሲሊኮን ደግሞ ወደ ውስጥ ወድቆ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ቡሎኖቹን በልኩ አጠበቅሁ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ቀጭኑን ክዳን ያጎብጠዋል።

ጋሼ መጡ። «እሺ፣ ካምቢዮው መቼ ይወርዳል?»

«አይወርድም ጋሼ። አሁን አይወርድም።»

«ፓራሊዮውስ?»

የኋላውን መዝጊያ ገመድ ነገር እዚህ ላይ ነው ያስረዳኋቸው። በዚህ ሞተር ዘር የኋላው መዝጊያ ሁለት ዓይነት ነው። የኋለኞቹ ክብ የጎማ ፓራሊዮ አላቸው። የቀደሙት ግን ሁለት ግማሽ የብረት ቤት አላቸው፤ በመካከሉ ገመድ ይጨመቅና የክራንክሻፍቱን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ያቅፋል። ከጀልባው ጋር በመጣው መጽሐፍ መሠረት ይኼኛው የገመዱ ነው። ገመድ ያለው ፐርኪንስ ትንሽ ማንባቱ የታወቀ ነው። ሞተሩ ውስጥ ግፊት ሲኖር ማንባቱ ይብሳል፤ ግፊቱ ሲነሳ ይቀንሳል። እስኪ ግፊቱን አንስተን እንየው አልኳቸው።

«ያኛው ልጅ አውርዶት ቢሆን ኖሮስ?»

«አዲሱም ገመድ ያነባ ነበር ጋሼ። ቱቦው እንደተዘጋ ነዋ።»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «ለአትክልት ቱቦ ሞተር ላወጣ ነበር» ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ

ሙከራ። ጠዋት በማለዳ ወጣን፣ ሐይቁ መስታወት እንደሆነ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባውን ስለሚያንገላታው ካርቶን አንጥፎ ጠብታ መቁጠር አይመችም። ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ ሄደን ጉማሬ ከሚበዛበት ዳር ራቅ ብለን ተመለስን። ሁለት ሰዓት ያህል፣ አብዛኛውን በ2,000 ዙር።

ስንመለስ የሞተር ክፍሉን ከፈትን። ቡልቦው ደረቅ። የባልቦላው ክዳን ደረቅ። ግድግዳው ላይ ጭጋግ የለም። ካርቶኑ ላይ በኋላ በኩል ብቻ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ሁለት ነጥብ አለች። ዘይቱን ስለካ ከላይኛው ምልክት አልወረደም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ገመዱ ቀንሷል እንጂ አልደረቀም። ይቆይ። ለዚያች ነጥብ ብሎ ካምቢዮ ማውረድ ሥራ ለሌለው ሰው ነው። ቮላኖው ቤት ስር ጠርዝ ያላት የቆርቆሮ ትሪ አስቀመጥኩ። ቀዳዳዋን በቡሎን እንዳይደፍኗት ነገርኳቸው፤ ዘይቱ ውስጥ ከተጠራቀመ ቮላኖው ይረጨዋል። ፓምፑንም መልሼ አሰርኩ፤ አሁንም በራሱ ይነሳል፣ ግን ከትሪው ርቆ፣ ከኋላ ውሃ ብቻ ከሚጠራቀምበት ቦታ እንዲስብ አድርጌ።

ጋሼ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ጠዋት ሳያስነሱ ዘይቱን አይተው ይጻፉ። ዘይቱ ከወረደ የቱ እንደፈሰሰ ትሪው ይነግረናል። ዘይቱ ከወጣ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ የናፍጣ ፓምፑ ላስቲክ ተቀዶ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሳያስነሱ ይደውሉልኝ።

ክረምት ሲገባና ሽርሽሩ ሲቀዘቅዝ ካምቢዮው ይወርዳል። ያኔ የኋላዎቹን የሞተር ጎማዎችም መቀየር አለብኝ፤ ዘይት የጠጣ ጎማ ዕድሜ የለውም። ለዚያ ቀን ራሴን የማስታውሰው ጥቂት ነገር አለ። የድሮ ገመዶች አስቤስቶስ አለባቸው፤ አሮጌው ሲወጣ እርጥብ ሆኖ ይውጣ፣ በኮምፕሬሰር አይነፋ። አዲሱ ገመድ በግማሹ ቤት ውስጥ ከሁለቱ ጫፎች ተጀምሮ ወደ መሀል ይጫናል፣ ጫፎቹም ከብረቱ ፊት ከ0.25 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ወጣ ብለው ይቀራሉ። ሲገናኙ የሚዘጋቸው ያች ትርፍ ናት። ዘንጉና ካምቢዮው ከመለያየታቸው በፊት ሁለቱ ፍላንጆች ላይ ምልክት ይደረግ። ሲመለሱ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ዙሪያውን በስፔሶሜትር፣ በቀጫጭን የመለኪያ ቅጠሎች፣ ይለካ። ልኬቱ ጀልባው ውሃ ላይ እያለ ነው የሚወሰደው። መሬት ላይ ሲወጣ አካሉ ትንሽ ቅርጹን ስለሚቀይር፣ ደረቅ ላይ የተስተካከለው መስመር ውሃ ሲገባ ይዛነፋል።